በቁሜ የተለቀሰልኝ ዕለት

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ነው፤ ዕድሜዬ ሰባ አንድ። ወንዝ ማዶ ከሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ዘጠኝ ዓመት አልፎናል። ነገሩ የእርሻ ድንበር ነው። «ድንጋዩን አንድ ትልም ገፍተህብኛል» አለኝ። «አልገፋሁም» አልሁ። ገፍቼ ነበር። ሽማግሌ ቢመላለስም ንቅንቅ አላልሁም።

ያን ጥቅምት ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ መጥተው አምበር ከተማ አጠገብ ያለውን ቤቴን ለመኑኝ፤ ከጎረቤቶቼ ጋር ለቀስተኛ እንድሆንም ጠየቁኝ። ታሪኩን ጠየቅኋቸው። መጽሐፉን የሚያነብለት ያጣ ደራሲ ገጠር ይገባና ሞተ ያስብላል፤ ተሸፋፍኖ ተኝቶ ማን እንደሚያለቅስለት ያዳምጣል። የሚያስቅ ፊልም ነው አሉኝ። እኔን አላሳቀኝም።

«ቤቱን ውሰዱ። እኔ ግን በቁሙ ላለ ሰው አላለቅስም።»

«አባባ፣ ለውሸት እኮ ነው» አለች አለቃቸው፣ ልጅ እግር ሴት ናት።

«እነዚህን ጎረቤቶቼን አታውቂያቸውም። አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም።»

ተዋናዩን በእኔው ጋቢ ሸፍነው መደቡ ላይ አጋደሙት። እኔ ተቆጥቼ ጓሮ ለበሬዎቼ ጭድ ልሰጥ ወጣሁ። ለቀስተኛ የሆኑት የጎረቤት ሴቶች መጀመሪያ እየሳቁ ነበር፤ ኋላ እያንዳንዷ የራሷን ሟች አስታውሳ የምሯን አለቀሰች። ጩኸቱ ወንዙን ተሻገረ። በእኛ አገር ዋይታ የሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ጩኸቱ ወደተነሣበት ቤት ይሮጣል።

ቀድሞ የደረሰ ወንድሜ ነው። ድምፁን ከጓሮ ሰማሁት።

«ጋሼን! ወንድሜን! ትልሙን ውሰደው! ውሰደውና ተነሥልኝ!»

ጋቢው ላይ ተደፋ። ሬሳው «ኧረ ጎኔን!» ብሎ ብድግ አለ። ሴቶቹ ተንጫጩ። አለቃዋ «ካሜራውን እንዳታቆሙ!» ትላለች።

በጓሮ በር ገባሁ። ወንድሜ እኔን አየ፤ ጋቢዬን አየ፤ ካሜራውን አየ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«አስቀለድህብኝ» አለና ወጣ።

 ደጅ ድረስ ተከተልሁት፤ ወደ ወንዙ ወርዷል።

አለቃዋ ያን ለቅሶ ለፊልሙ እንድተውላት ለመነችኝ።

«የወንድሜ ነው፤ አጥፊው» አልኋት። ዐይኔ እያየ አጠፋችው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ዶማ ይዤ ወደ እርሻው ወረድሁና የድንበሩን ድንጋይ ነቀልሁት። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምን። እሱኑ ድንጋይ ጫንቃዬ ላይ አድርጌ ወንዙን ተሻገርሁ፤ ደጁ ላይ አጎንብሼ ቆምሁ።