ማን ሞቶባት ነው ዛፍ ሥር የተቀመጠችው?

የትነበርሽ ከወንድ ጋር ጠብ የላትም። ጠቧ ከፉከራ ጋር ነው። ልጅ ሆና፣ ደሴ አጠገብ፣ ሠርግ ላይ ጠላ የቀመሰ ወንድ ሁሉ ብድግ ብሎ «እኔ የእገሌ ልጅ! እኔ እንዲህ ያደረግሁ! እኔ እንዲያ የጣልሁ!» እያለ ሲያቅራራ ሰምታለች፤ ግማሹ ከዶሮ በቀር ገድሎ አያውቅም። ሴት ግን «እኔ» ካለች ዓይን አወጣች ይባላል። ሴት ግጥም የሚገጠምላት ሬሳዋ ሲወጣ ነው፤ ያንንም የምትገጥመው አልቃሽ ናት፤ ሟቿ አንዷንም ስንኝ አትሰማም። ይህ ነገር የትነበርሽን ዕድሜ ልኳን ሲያንገበግባት ኖሯል።

አሁን ስልሳ ሊሞላት ነው። የምትኖረው ኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአሮጌው ወደብ ብዙም ሳትርቅ ነው። ሥራዋ ደቾቹ ታውስዞርኽ የሚሉት ነው፤ አቅም ያነሳቸውን አዛውንት ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። ስሟ ስለከበዳቸው «ዬት» ብለው ቆርጠውታል። ለአባቷ ልጅ፣ ለባሏ ሚስት፣ ባሏ ሌላ አግብቶ ከሄደ በኋላ የሊና እናት፣ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበሩ ደግሞ ወጥ ሠሪ። ማንም እሷን ለራሷ ፈልጎ አንኳኩቶባት አያውቅም።

ልጇ ሊና አምስተርዳም እንግሊዝኛ ታስተምራለች። «ማማ፣ ሁልጊዜ ሥራ፣ ሁልጊዜ ማኅበር! ለራስሽ አንድ ነገር አድርጊ» ብላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሰጥ የማታ ትምህርት አስመዘገበቻት። ትምህርቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ስለነበሩ የአሜሪካ ገጣሚዎች ነው፤ ብቻቸውን ጫካ ገብተው፣ የሰው ልጅ ራሱን የሚያገኘው ከሣርና ከዛፍ ጋር ሲቀመጥ ነው ስላሉት ሰዎች። አስተማሪዋ ኤሊ የምትባል ጡረታ የወጣች ደች ናት።

የትነበርሽ የመጀመሪያውን ማታ ያሳለፈችው በንዴት ነው። እጇን አውጥታ «እነሱ ጫካ ሲቀመጡ ልብሳቸውን ማን ያጥብላቸው ነበር?» ብላ ጠየቀች። ኤሊ ከት ብላ ሳቀችና «ይህን እኔም ሁልጊዜ እጠይቃለሁ» አለች። ነገር ግን የትነበርሽ ቤቷ ስትመለስ አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ቀረ። እነዚያ ሰዎች ማንንም ሳይገድሉ፣ የእገሌ ልጅ ነኝ ሳይሉ፣ ሣር እያዩ ብቻ «እኔ» ይላሉ! ፉከራ ነው፤ ግን ደም የለበትም። እንዲህ ያለ ፉከራ ለሴትም ይሆናል ብላ አሰበች።

ኤሊ የሰጠቻቸው የቤት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። በየሳምንቱ ስልክ አጥፍቶ ዛፍ ሥር ብቻን መቀመጥ፤ ከዚያ «እኔ» ብሎ የሚጀምር ግጥም መጻፍ። በመጨረሻው ቅዳሜ ሁሉም ደን ሃግ ከተማ በሚገኝ አንድ አዳራሽ በገዛ ቋንቋው ያነባል። የትነበርሽ ይህን ቀን እንደ ሠርጓ ቀን ትጠብቀው ጀመር። እንዲያውም ሠርጓን እንዲህ አልጠበቀችውም።

ግጥሙ ግን እምቢ አላት። «እኔ» ብላ ትጽፍና ትቆማለች። ቀጥሎ የሚመጣላት እናት፣ ሚስት፣ ልጅ የሚል ቃል ብቻ ነው። ትሰርዘዋለች። ቅዳሜ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ ያለችው ያችው አንዲት ቃል ነበረች።

እስከዚያው ግን ከጠዋት ሥራዋ መልስ ውሃ ዳር ያለች አንዲት ዛፍ ሥር ትቀመጥ ነበር። በነፋሱ ስለሚበርዳት ነጠላዋን ትከናነባለች፤ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ዓይኗን ውሃው ላይ ትተክላለች። ይህ አቀማመጥ በደች ዓይን ዕረፍት ነው። በሐበሻ ዓይን ግን ምን እንደሚመስል ማንም አይስተውም፤ እኛ ዘንድ ልጅ እንኳ ጉንጩን ከያዘ «እጅህን አውርድ፣ በማን ልታሟርት ነው?» ይባላል።

የማኅበሩ ሰው ሙሉነህ የትራም ሹፌር ነው፤ በዚያ በኩል ያልፋል። አንድ ቀን አያትና ደወሉን ደወለላት፤ ዞራም አላየችው። በሌላው ሳምንትም እንደዚያው። ቢደውል ስልኳ ዝግ ነው። በቃ! ስልክ በስልክ ሆነ። አንዱ «ደሴ ያለው ወንድሟ አዘዘ ታሞ ነበር» አለ፤ ሌላው «ጠንቶበታል» አለ፤ ሦስተኛዋ ቀበረችው። ምስኪን የትነበርሽ መርዶዋን ሰምታ ብቻዋን ውጣዋለች ተባለ። እንዲህ ያለ ነውር ማኅበሩ ባለበት አገር ይደረጋል?

በዚያው በንባቡ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ በሯ ተንኳኳ። ከፍታ ስታይ ደረጃው በጥቁር ልብስ ተሞልቷል፤ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አድርገው ለብሰዋል። ፊት የቆሙት አልቃሿ እትዬ የምሥራች ናቸው፤ በኔዘርላንድ ሐበሻ መካከል እሳቸው ያላስለቀሱበት ለቅሶ የለም፤ ከአምስተርዳም ኖርድ በሌሊት ባቡር ተነሥተው መምጣታቸው ነው። በንጋት፣ ተሰብስቦ፣ እንዲህ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የትነበርሽ ታውቃለች።

«ሊናዬን!» ብላ ጮኸች። «ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

እንግዶቹ ተያዩ። ሙሉነህ «ኧረ ሊና ደህና ናት! እኛ የመጣነው ለ…» ብሎ ሳይጨርስ ስልኳን አንሥታ ደወለች። ሊና በእንቅልፍ ድምፅ «ማማ? ዋት ኢስ ኤር? ምን ሆነ? አንቺ ደህና ነሽ?» አለች። የትነበርሽ ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች።

«ታዲያ ማን ሞተ?» አለች።

«አንቺ ትነግሪናለሽ ብለን ነው እንጂ» አለ ሙሉነህ። «ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ አየሁሽ። ወንድምሽ…»

«ወንድሜማ ትናንት ማታ ደውሎ ጫማ ላኪልኝ ብሎኛል!»

አንዷ «ተመስገን» አለች። የትነበርሽ ግን ተመስገን የምትልበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም። ደሟ ፈላ።

«ሰው ብቻውን ለመቀመጥ የግድ ሰው ሊሞትበት ይገባል?» አለች። «አምና ኦፕራሲዮን ሆኜ ሆስፒታል ስተኛ ሥራ በዛብን ብላችሁ ቀራችሁ። ብቻዬን ነበርሁ፤ በዚያ ያለፈ አንድም ትራም አላየኝም! ዛሬ ብቻዬን ልሁን ብዬ በገዛ እጄ ስቀመጥ ግን በሌሊት ባቡር ትመጣላችሁ። እናንተ ለሬሳ እንጂ ለሰው ጊዜ የላችሁም!»

ሙሉነህ አንገቱን ደፋ። እትዬ የምሥራች ግን ለመውጣት አልተነሡም፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «ለመሆኑ እዚያ ዛፍ ሥር ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ።

«ግጥም!» አለች የትነበርሽ፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም። «እርስዎ ለሟች የሚገጥሙትን ለራሴ ልገጥም። መጣችሁ አይደል? ተቀመጡና ስሙ!» ደረቷን በመዳፏ መታች፤ ወረቀት አልያዘችም፤ ከየት እንደመጣላትም አታውቅም።

«እኔ የትነበርሽ በቁሜ ልዘከር፤
ሬሳ ጆሮ የለው፣ ምን ይሰማል አፈር!
ማንም ሳይሞትብኝ ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ፤
ማነሽ ለሚለኝ ሰው፣ እኔ ነኝ እላለሁ።»

ደን ሃግ የምታነበው ተገኘ፤ እሷ ግን በዚያች ሰዓት ስለ ደን ሃግ አላሰበችም።

እትዬ የምሥራች ነጠላቸውን አወረዱና ጥለቱን ወደ ቦታው መለሱት። «ለስንቱ ገጠምሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ ቀን ሲደርስ የሚገጥምልኝ የለም። ቢኖርም እንዳልሽው አልሰማውም። ልጄ፣ ለእኔም እንዲሁ በቁሜ ግጠሚልኝ።»

ሁሉም እሺ ትላለች ብሎ ጠበቀ። የትነበርሽ ግን ፊቷን አልፈታችም።

«አልገጥምልዎትም፣ እትዬ» አለች። «እኔ ብገጥምልዎ ያው ለቅሶ ነው። እርስዎ ሰፈር፣ ኖርድ፣ ዛፍ ሞልቷል፤ ስልክዎን ያጥፉና ብቻዎን ይቀመጡ። ማን ሞቶብዎ ነው የሚል ሰው ከመጣ ያባሩት።»

አንዷ ሴት «ኧረ ለትልቅ ሰው!» ብላ አጉረመረመች። እትዬ የምሥራች ግን አልተቀየሙም። ቦርሳቸውን ከፍተው ስልካቸውን ፈለጉ፣ አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ ለየትነበርሽ ዘረጉላት።

«እንግዲያው ማጥፊያውን አላውቀውም» አሉ። «ይህን ብቻ አጥፊልኝ።»