የሰፋሪዋ ቆብ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ጉብኝት ስትመለስ በትንሽ ጠርሙስ ቅቤ ይዛ መጣች። ራሷ ንጣ ያወጣችው ነው። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው ያ ለጋ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ገና አፍንጫዬን ሲመታኝ ፊቴ ጋለ። "ማሚ፣ ዶንት ዩ ላይክ ኢት?" አለችኝ። ቅቤ አሽትቶ የሚያፍር ሰው አይታ አታውቅም፤ ምን ብዬ ልንገራት?

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት የሰመር ሥራ ስፈልግ ያገኘሁት ከቶሮንቶ ወጣ ብሎ፣ ከአውሮፓ የመጡ የድሮ ሰፋሪዎች ቤት ለጎብኚ በተጠበቀበት የገጠር ቦታ ነበር። ሥራዬ ሰፋሪ መሆን ነው። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሼ፣ ሽርጥ አስሬ፣ ግንባሬንና ጆሮዬን የሚውጥ ነጭ ቆብ አድርጌ፣ በረዥም የእንጨት መናጫ ክሬም እየናጥኩ የአንዲት ሴት ሕይወት አወራለሁ። ሹሩባዬ ቆቡ ውስጥ አልገባ እያለ በየጠዋቱ ያታግለኝ ነበር።

ሴትየዋ ባሕር ተሻግራ ከባሏ ጋር የመጣች ናት። ጫካ መንጥረው ከግንድ ቤት ሠሩ፤ በግንዶቹ መሀል ያለውን ክፍተት በጭቃ መርገው የመጀመሪያውን ብርድ ገቡበት። በዚያው ብርድ ሕፃን ልጃቸው ሞተ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ስለጠነከረ እስኪለሰልስ ድረስ መቅበር እንኳ አልቻሉም። ባሏ እህል ሊያስፈጭ ሩቅ ሲሄድ ብቻዋን ትከርማለች። የጋሪ ድምፅ ከሰማች ሊጡን ጥላ ወደ መንገዱ ትሮጥ ነበር ይባላል፤ ማንም ይሁን ማን፣ ብቻ የሰው ፊት ለማየት። ደጋግሜ ስለምናገረው ለእኔ ከአፍ ያለፈ ነገር አልነበረም።

አባቴ ኢቶቢኮ የሚባለው ሰፈር ከሚሠራበት መጋዘን ሌሊቱን አድሮ ሲወጣ በመኪናው ያደርሰኛል። ቆቡ እንዳይጨማደድ የኋላ ወንበር ላይ ዘርግቶ ያስቀምጥልኛል። ብሉር ጎዳና ላይ በሀበሻ ሱቆች በኩል ስናልፍ ሰው በዚያ ቀሚስ እንዳያየኝ ወንበሩ ላይ ሸርተት ብዬ እደበቃለሁ። አባቴ አየት ያደርገኝና ዓይኑን ወደ መንገዱ ይመልሳል።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ሁላችንም እንደ እናት የምናያቸው አሮጊት "ልጅቷ ሥራ አገኘች?" ብለው ጠየቁት። አባቴ ነጠላውን አስተካከለና "ባንክ ገብታለች፣ እማማ" አለ። "እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። እኔ ጫማዬን አያለሁ። በእኔ አፍሮ ነው የዋሸው ብዬ አሰብኩ፤ እኔም በእሱ አፈርኩ።

ጁላይ ላይ አንድ ቅዳሜ ቢጫ አውቶቡስ የግንዱ ቤት ደጃፍ ቆመ። በመስኮት ሳይ መጀመሪያ የወረደው ነጠላ ነው። ከኋላው ሌላ ነጠላ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ለሕፃናት ጉብኝት አዘጋጅተው ወላጆችም ተከትለው ኖሯል። አባቴ ከሁሉም ኋላ ወረደ። ልደበቅ ፈለግሁ፤ ግን የግንዱ ቤት በር አንድ ብቻ ነው።

አሮጊቷ ቀድመው ገቡ። ዓይን ለዓይን ተያየን። "እማማ" ልል ስል "ሃሎ" አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚሉት። ቀጥሎ የገባውም "ሃሎ"። አብሬያቸው የዘመርኩ ልጃገረዶች እንኳ ዓይናቸውን መናጫው ላይ ተከሉ። የማደርገው ቢጠፋኝ የለመድኩትን በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመርኩ። አንድ ወጣት ለአሮጊቷ በአማርኛ ይነግራቸዋል። ሕፃኑ ሞተ ሲላቸው ደረታቸውን መታ መታ አድርገው "ውይ በሞትኩት! አብሯት የሚያለቅስ እንኳ ሳይኖር?" አሉ። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። በዚያ ቤት ለዚያ ሕፃን ሲታዘን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅቤውን ዳቦ ላይ ቀብቼ አደልኩ። አባቴ ተራው ደረሰ። ስሜን ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። በሹክሹክታም ቢሆን፣ አንዴ ብቻ።

"ታንክ ዩ፣ ሚስ" አለኝና ዳቦውን ይዞ ወጣ።

ማታ ቤት ስገባ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ቅቤው ጨው በዝቶበታል" አለ። ስለዚያ ቀን ከዚያ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ሰኞ እንደ ወትሮው ቆቤን ዘርግቶ አደረሰኝ። እኔ ግን በልጁ ያፈረ አባት እያልኩ ለዓመታት ቂም ያዝኩበት። ስልክ ሲደውል ቶሎ እዘጋ ነበር።

አባቴ ያረፈ ጊዜ አሮጊቷ ተደግፈው ለቅሶ መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙ።

"ያን አውቶቡስ ታስታውሺዋለሽ?" አሉኝ። "እርሻ ነው የምንሄደው ብለውት ነበር። በመስኮት ቦታውን ሲያውቀው ክው አለ። ብድግ ብሎ መሀል ላይ ቆመና 'ዋሽቻችኋለሁ' አለን። 'ልጄ ባንክ አይደለችም፣ እዚህ ነው የምትሠራው። ሰው እንዳያያት ትሳቀቃለች። ስለ እመብርሃን፣ እንዳላወቃችኋት ሆናችሁ እለፏት' ብሎ ለመነን። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ከዚያ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? 'እንግሊዝኛዋን ግን ስሙልኝ!'"

እያለቀሱ ሳቁ።

ያኔ ያፈርኩት በቆቡ ነበር። ዛሬ የማፍረው ቶሎ ቶሎ በዘጋሁት ስልክ ነው።

ማታ ልጄ ስትተኛ ቅቤዋን ዳቦ ላይ ቀብቼ ቀመስኩት። ጨው የለውም። ይህን የምነግረው አባቴ ግን የለም።