ማደንዘዣው እስኪለቅ

ልብስ ሰፊዋ ዝም ያለች ጊዜ ሰፈሩ ተቀየማት። ሴትዮዋ ደንበኛ ያፈራችው በስፌቷ ብቻ አይደለማ፤ በጨዋታዋ ጭምር ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው በሯ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ሳይነሳ ይመሽበታል። ሙሽራ ስትለካ «ሆድሽን አትሳቢብኝ፤ በሠርግሽ ቀን ቤት ትተሽው አትሄጂ» ትላለች። ክሩን በጥርሷ ቀጭ እያደረገች ስለምትበጥስ፣ መቀስ ያላት መሆኑን እንኳ ብዙ ሰው አያውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ቀኝ መንጋጋዋን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ነዘራት። ሳሙናውን ጥላ ግድግዳውን ተደገፈች። ወዲያው ተዋት። ከዚያ ወዲህ ግን እየተመላለሰ ይይዛት ጀመር፤ ንፋስ ሲነካት፣ ስታኝክ፣ ስትስቅ፣ ከሁሉም በላይ ስታወራ። አይ በሽታ! ከስንቱ ሰው መርጦ ጨዋታ የምትወደውን ሴት በወሬዋ ያዛት። ጉንጯን በሻርፕ ሸፍና፣ አንገቷን ደፍታ መስፋት ሆነ ሥራዋ። ለሰላምታ በዓይኗ ብቻ ስትመልስ፣ የሰፈሩ ሰው «ኮራች፣ ሰው ናቀች» አላት። ማን ጠየቃትና ነው የሚፈርድባት? ይኼ ያናድደኛል።

ልጇ ግን አልተወቻትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እማዬ» ብላ እየጎተተች ጥርስ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጁ ቀላል፣ ንግግሩ ለስላሳ። በመሣሪያው እጀታ ጥርሶቿን አንድ በአንድ ነካ ነካ ሲያደርግ፣ የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ዘለለች። «አገኘናት» አለ። ማደንዘዣውን ቀስ ብሎ ወጋት። ከንፈሯ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ አገጯ፣ ቀጥሎ የምላሷ ግማሽ። ሕመሙም አብሮ ጠፋ። «አሁንስ?» ሲላት ጉንጯን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና በደስታ አለቀሰች። እሱም ጥርሷ ሲደነዝዝ ሕመሙ ከጠፋ ጥፋቱ የጥርሷ ነው ብሎ ነቀላት። ማን ይፈርድበታል? እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ማደንዘዣው ሲለቃት ሕመሙ ተመለሰ። ተመልሳ ሄደች። የሚቀጥለውን ጥርስ ነካላት፣ ዘለለች፤ ወጋት፣ ጠፋላት፤ ነቀለው። እንዲህ እያለ የቀኝ መንጋጋዋ ጥርስ እየሳሳ ሄደ።

ጥርስ በተነቀለች ቀን ግን ሱቋን ያየ ሰው ይገረማል። ከንፈሯ ተንጋዶ፣ ምራቋን በመሐረብ እየጠረገች፣ በደነዘዘ ምላሷ እየተኮላተፈች ደንበኛውን ሁሉ ታስቀዋለች። የቀሩባትን ወሬዎች በሙሉ በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ታወጣቸዋለች። ሲመሽ ሻርፗን ትጠመጥምና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ አዘነላት። ልጇን ደግሞ ነገሩ አልጥም አላት።

«እማዬ፣ ጥርስ ለመነቀል ስትሄጂ ሠርግ የተጠራሽ ነው የምትመስዪው» አለቻት።

እናትየው ሻርፗን አጥብቃ ጠመጠመች። ሕመሙን ፈርታ ይሆናል ብላ ልጅቷ ተወቻት።

በቀኝ በኩል አንዲት ጥርስ ስትቀር እንደገና ሄዱ። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ ከኋላ፣ ድሮ ጥርስ ነቅሎ የዳነውን ባዶ ድድ በጥጥ ነካ አደረገው። ሴትዮዋ ወንበሩን ጨምድዳ ይዛ ተንቀጠቀጠች። ጥጡን እንደያዘ ቆመ። እዚያ ቦታ የሚያም ጥርስ የለም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እናቴ፣ ይኼ የጥርስ ሕመም አይደለም» አላት። «የፊትዎ ነርቭ ነው። ማደንዘዣው ነርቩን ሲያስተኛው እኔ ጥርሱን ጥፋተኛ አደረግሁት። ጤነኛ ጥርሶችዎን ነው የነቀልኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ» አለችው ጉንጯን ይዛ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ጥርስ እንዳልሆነ። ሁለተኛው ከተነቀለ ጀምሮ።»

ልጇ ከበሩ ሥር ብድግ አለች። «ታዲያ ምን አስነቀለሽ?»

መናገር እያመማት፣ በየቃሉ እያረፈች መለሰች። «ጥርሴን አላመመኝም ብል... መርፌውን ማን ይሰጠኛል?»

ሐኪሙ ወደ ነርቭ ሐኪም እንደሚልካት፣ የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ፣ ወረፋው ግን ረጅም መሆኑን ነገራት። ጥርሶቿን ግን ማንም አይመልስላትም፤ ይኼን እሱም አልደበቃትም። ሰምታ ስታበቃ «ዛሬስ?» አለችው። እሱም ማደንዘዣውን አዘጋጅቶ ወጋት፤ መንቀያውን ግን አላነሳም።

ኮሪደሩ ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእናትየው ከንፈር ተንጋደደ፣ ሻርፗን ፈታች፣ ስለ አንዲት ወፍራም ሙሽራና ስለ ጠባብ ቀሚሷ መተረክ ጀመረች። ልጅቷ ወሬውን አልሰማችውም፤ በተከፈተው አፍ ውስጥ ባዶውን ድድ እያየች እንባዋን ታብሳለች። እናትየው ጨዋታዋን አቋርጣ ክንዷን ነካቻት።

«ሳቂ እንጂ ልጄ» አለቻት፤ «ሳይለቀኝ።»