አንድ ሦስተኛና እኩሌታ

የዚያን ቅዳሜ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ አምስተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ፣ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው የበግ ፀጉር የሚፈትሉት አማቴና ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየችው ወጣት መምህርት ነን። ባለቤቴ ወደ ዘመሮ ከተማ ለገበያ ሄዶ ነበር። እሷም ትቆጠር ከተባለ፣ ብርድ የመታት አንዲት ግልገል ጆንያ ላይ ተኝታ ነበር።

መምህርቷ የልጄ አስተማሪ አልነበረችም። እዚያው ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ነበር የምታስተምረው። አገሯ መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም።

ያን ሳምንት ልጄ ክፍልፋይ ጀምራ ነበር። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከሦስተኛ ክፍል ስለሆነ ክፍልፋይ የሚባለው አልደረሰኝም። ቢሆንም የቤት ሥራዋን ስታነብልኝ ደስ አለኝ። «አንድ ገበሬ ሃያ አራት ቁና ገብስ አመረተ። የመሬቱ ባለቤት አንድ ሦስተኛውን ቢወስድ ስንት ቁና ይደርሰዋል?» ይላል። አንድ ሦስተኛ ማለት ሲሶ አይደል? አባቴ የሰው መሬት እያረሰ ነው ያሳደገኝ፤ ሲሶ ሲሰፈር አውድማ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

«መጀመሪያ ዘሩ ይነሳ» አልኳት። እኛ ዘንድ ከምርቱ ላይ ዘሩ ሳይወጣ ማንም አይካፈልም። ሦስት ቁና ለዘር አነሳሁ፤ ሃያ አንድ ቀረ፤ ሲሶው ሰባት። እንዳትሳሳት ብዬ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ሰባት ብላ ጻፈች።

ዓርብ ደብተሯ ኤክስ ተደርጎበት ተመለሰ። ለእኔ አላሳየችኝም። ቅዳሜ መምህርቷ እሳት ልትሞቅ ስትገባ ግን ልጄ በፊቴ አልፋ ደብተሩን ሰጠቻት።

«ቲቸር፣ ሰባት ለምንድን ነው የተሳሳተው?»

«ሰባትን ከየት አመጣሽው?»

«እማዬ ናት መጀመሪያ ዘሩን አንሺ ያለችኝ።»

መምህርቷ ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም። «እናትሽ እኮ ልክ ናቸው። አውድማ ላይ ቢሆን እንደሱ ነው። ጥያቄው ግን ስለ ዘር ምንም አላለም» አለቻት። ከዚያ ወረቀት ቀድዳ ለሦስት አጠፈችው። «የታችኛው ቁጥር ለስንት እንደቆረስነው ይነግርሻል፤ የላይኛው ስንቱን እንዳነሳን። በይ፣ ሃያ አራቱን ለሦስቱ አዳርሺ።»

ልጄ የመምህርቷ ጉልበት ላይ ተደግፋ ቆጠረች። «ስምንት!» ብላ ጮኸች።

«ጎሽ፣ የኔ እናት!»

የኔ እናት የምላት እኔ ነበርኩ።

አማቴ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «አንቺ፣ ይቺ ልጅሽን እኮ ሲሶዋን ወሰደችብሽ! ዝም ካልሽ እርቦም፣ ሩቧም አይተርፍሽ» አሉኝ። ሦስቱም ሳቁ። እኔ ግን እሳቱን እየቆሰቆስኩ፣ «በሰው ልጅ ከመድከም የራስን መውለድ ነው» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። መምህርቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሩ ውስጥ ከተተችው። «የማርመው አለኝ» ብላ ወጣች። ልጄ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም።

ከዚያ በኋላ ልጄ በሌለችበት የሂሳብ መጽሐፏን እየገለጥኩ መማር ጀመርኩ። የምትጠይቀው እኔን እንድትሆን ነው የፈለግሁት። እኩሌታና ሲሶ ደምሪ የሚለው ላይ ተያዝኩ። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሬ ሁለት አምስተኛ አገኘሁ። ወረቀት ቆርጬ ብለካው ከእኩሌታው አነሰ። ሲሶ ጨምሬበት እንዴት ያንሳል? ሦስት ቀን ሙሉ ደጋገምኩት። የምጠይቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ወረቀቴን ይዤ በሯ ላይ ቆምኩ።

«ይግቡ፣ እትዬ» አለችኝ። ያን ቃሌን አላነሳችውም። ወረቀቴን አየት አድርጋ፣ «ቁራሾቹ እኩል አይደሉም። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ያድርጓቸው። ሁለት እኩል ወረቀት ይውሰዱና እያንዳንዱን ለስድስት ይቁረሱት» አለችኝ። ቆረስኩ። እኩሌታው ሦስት ቁራሽ ሆነ፣ ሲሶው ሁለት። አምስት ስድስተኛ! በሁለት ዓይነት ቁና የተሰፈረ እህል ስንት ነው ብሎ አንድ ላይ መቁጠር እንደማይቻል መቼ አጣሁት?

ይቅርታ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ስል ልጄ የሣለችላት አበባ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ለእኔ አበባ ሥላልኝ አታውቅም። አመስግኜ ወጣሁ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጅ አስቀምጬ እንደዚያው አድርጌ አሳየኋት። ገባት። ደስ ብሏት፣ «እማዬ፣ ማን አሳየሽ? ቲቸር ናት?» አለችኝ።

«ማንም አላሳየኝ። ራሴ ነኝ የደረስኩበት።»

መምህርቷ በሯ ላይ ልብስ ታጥብ ነበር። ሰምታለች። ቀና ብላ አየችኝና ማጠቧን ቀጠለች። ልጄ እሷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤት ሥራዋን ለብቻዋ ትሠራ ጀመር። ወደ እኔም ወደ እሷም ደብተር ይዛ አትመጣም።

ዓመቱ ሲዘጋ መምህርቷ ወደ አገሯ ተዛወረች። የምትሄድ ዕለት ልጄ ሻንጣዋን ይዛ እስከ መኪናው ሸኘቻት። እኔ ሥራ በዛብኝ ብዬ ከቤት አልወጣሁም።

ልጄ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፣ በሂሳብ ጎበዝ ናት ይሉኛል። ስለ መምህርቷ ስጠይቃት፣ «እኔ አላውቅም፣ እማዬ» ብላ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። የምታውቅ ይመስለኛል። ለእኔ መንገር ግን አትፈልግም።

ስለዚህ እናንተን እጠይቃለሁ። መርሐቤቴ ያላችሁ፣ መንዝ ውስጥ ሦስት ዓመት ትንንሽ ልጆች አስተምራ የተመለሰች፣ ቀጠን ያለች ድምፀ ለስላሳ መምህርት የምታውቁ እንደሆነ፣ ደኅና መሆኗንና የት ትምህርት ቤት እንዳለች ንገሩኝ።