ቀሪው ግማሽ ነገ

የሰፈራችን ወንዶች ግማሽ ጸጉራቸውን ተቆርጠው ሲሄዱ ያየ እንግዳ፣ ምን ነክቷቸው ነው ሊል ይችላል። ምንም አልነካንም። ባሌ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ የመርሳት በሽታ አለበት፤ አንዳንድ ቀን መሀል ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። ነገሩ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የደረሰው በባለሥጋ ቤቱ ላይ ነው። ግራው ተስተካክሎ ቀኙ እንዳለ፣ ባሌ ፎጣውን አራገፈና ጨርሻለሁ ብሎ ሸኘው። ባለሥጋ ቤቱ ሰው ማሳፈር የማይሆንለት ፍጥረት ነውና ትንፍሽ ሳይል ወጣ። በዚያው ራሱ ቀኑን ሙሉ ሥጋ ሲመትር ዋለ። ምን ሆነህ ነው ላለው ሁሉ መልሱ "ቀሪው ነገ ነው" ብቻ ነበር። በማግስቱ መጥቶ ተቀመጠ፤ ባሌም ዓይቶት እንደማያውቅ ተቀብሎ ጨረሰለት።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ደንብ ሆኖ ቀረ። ግማሽ የተቆረጠ ሰው ሌላ ጸጉር ቤት ሄዶ አያስጨርስም። ትናንት ጨርሶ የቆረጠውን ሰው ዛሬ መልሶ ቢጠራው፣ ቆርጠኸኛል ብሎ የሚከራከር የለም፤ ይቀመጣል፣ መቀሱ አየሩን ሲቆርጥ ይቆያል፣ አመስግኖ ይነሳል። ራሰ በራው ጡረተኛ እንኳ ተራ ይይዛል። ምኑን እንደሚቆረጥ እግዜር ይወቀው።

እኔ ምላጩን ሁሉ ሰብስቤ ወስጃለሁ፤ ደግ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደግሞ የስፌት መኪናውን ወደ በራችን አዙሮ ተክሏታል። ባሌ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር "እኔም ወደዚያው ነኝ" ይልና አብሮት ይሄዳል፤ ዞሮ ዞሮ ይዞት ይመለሳል። ሰውዬው በዚህ ሰበብ ያልረገጠው ሰፈር የለም። ያሰፉትን ልብስ በቀጠሮው ካላገኙ አይቆጡት፣ በእኛ ጣጣ ነው።

ባሌ ቤት የዋለ ቀን ግን ሌላ ሰው ነው። በሩን እየነካካ ወደ ቤቴ ልሂድ ይለኛል። ቤትህ እኮ ነው ብለው አያምነኝም፤ ሚስትህ ነኝ ብለውማ ጭራሽ ይሸሸኛል። መቀሱን ሲጨብጥ ነው ወገቡ ቀና የሚለው።

አንድ ልጅ አለን፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሹም ነው፣ ከተማው ማዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ባለሥጋ ቤቱን አንድ ቀን ደግሞ ግማሽ ራሱን ተቆርጦ መንገድ ላይ አግኝቶት ኖሮ ደም ሥሩ ተገታትሮ መጣ።

"እማዬ፣ አባዬ እኮ መሳቂያ ሆነ።"

እስካሁን የሳቀ አላየሁም አልኩት። አልሰማኝም። ነገሩን ጨርሶ ነው የመጣው፦ ጸጉር ቤቱ ይዘጋል፣ አባቱ እሱ ጋ ይገባል፣ የምትጠብቀው ሴት ትቀጠራለች፣ በሩም ይቆለፋል። እውነቱን ልናገር፣ ደክሞኛል። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ያንን የተቆለፈ በር ሲነካካ ታየኝ። እሱ እሺታዬን ሳይጠብቅ የሚመጣበትን ቀን ነግሮኝ ሄደ።

በቀጠረው ቀን፣ በምሳ ሰዓቱ፣ ጸጉር ቤቱን የሚዘጋበት አዲስ ቁልፍ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። አግዳሚው ላይ የሰፈሩ ወንዶች ጢም ብለዋል፤ እንዴት እንደሰሙ አልጠየቅኩም፣ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ክፍት የነበረው የመቆረጫው ወንበር ብቻ ነው። ባሌ ልጁን አየና "ግባ ጌታዬ፣ ተራህ ነው" አለው። ልጄ እኔን አየኝ። እኔ መስተዋቱን አየሁ። ምን ያድርግ፣ ተቀመጠ።

ባሌ ጨርቁን አሰረለት፣ ማሽኑን አስነሳና እንደ ልማዱ ወሬ ጀመረ።

"ልጅ አለኝ" አለው። "ማሽን ይፈራል። ድምፁን ከሰማ አልጋ ሥር ነው የሚገባው። ስለዚህ ከሰዓት ሲተኛ ጠብቄ ነው የምቆርጠው። ሲገላበጥ አቆምና ቀሪውን በማግስቱ።"

እውነት ነው። ያ ልጅ ስንቴ ግማሽ ራሱን ተቆርጦ ትምህርት ቤት እንደሄደ እኔ አውቃለሁ።

"ለምን አይዙትም?" አለ ልጄ።

"ይፈራላ! ፈርቶ ሙሉውን ከሚቆረጥ፣ ሳይፈራ ግማሹ ይበቃዋል።"

ልጄ ዓይኑን ጨፈነ። ያንን አጨፋፈን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኖም እንባውን የሚይዘው እንዲያ ነበር። ያኔም አልያዘለትም፣ አሁንም አልያዘለትም። ባሌ በመስተዋቱ ውስጥ አየው። እጁ ቆመ። ማሽኑን አጠፋና ወደ እኛ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ተኝቷል" አለን በሹክሹክታ። "ቀሪውን ነገ።"

ከጠዋት ጀምሮ ሲያስል የዋለው ራሰ በራ እንኳ ሳሉን ዋጠ። እኔ ፎጣ የማጥፍ መስዬ ዞርኩ።

ልጄ ሲነሳ ግራው የለም፣ ቀኙ ጎፍሯል። ባርኔጣ ላምጣልህ ብለው ተይው አለኝ። ከሰዓት ስብሰባ ነበረው፤ በዚያው ራሱ ሄደ። ቁልፉን መደርደሪያው ላይ ትቶት ነው የወጣው። አሁን ማታ ማታ ጸጉር ቤቱን የምንዘጋው በእሱ ነው፤ የድሮው ዝጎ ነበር።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጣ። አግዳሚው ላይ ያሉት ተጠጋግተው አስቀመጡት፤ ራሰ በራው ብቻ ተራዬን ነካችሁ ብሎ አጉረመረመ። ባሌ ጨርቁን ሊያስርለት ሲል ራሱን ግራና ቀኝ አገላብጦ አየና ተቆጣ።

"ጌታዬ፣ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሰደደህ?"

"አባቴ ነው" አለ ልጄ። "ተኝቼ ነበር።"

"እንግዲያስ ደግ አደረገ" አለና ባሌ ማሽኑን አስነሳ።