የዳማ ኮቴ የበለዘ ጊዜ

መጀመሪያ የለወጠው አካሄዱን ነው። ፈረሳችን ዳማ ከወረኢሉ መንገድ ሲመለስ ብረት ጫማው ድንጋዩን ሲመታ ገና ከማዶ ይሰማኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ድምፁ ተዛባብኝ። ወጥቼ ባይ የፊት ቀኝ እግሩን መሬት አስነክቶ ቶሎ ያነሳል፤ በዚያ እግር በረገጠ ቁጥር አንገቱን ወደ ላይ ይሰብቃል። ባለቤቴ ይመር «ደክሞት ነው» አለኝ። ዳማን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ድካሙና ሕመሙ አይምታቱብኝም። «ድካም አንድ እግር መርጦ ይይዛል እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁት።

ጫማ ያደረገ ፈረስ ኖሯችሁ ድንገት ላነከሰባችሁ ነው ይህን የምጽፈው። ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌን አትዩብኝ፤ ነገሩን ያዙልኝ።

ጊዜው ክፉ ነበር። ዝናቡ ከድቶናል፤ በሬያችን ቦራ በድርቁ ሞቷል፤ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ከሸማች ይልቅ ተሰዳጁ ይበዛል። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ለአራሹ ሆነ ሲባል በሬዲዮ ሰምተናል፤ ጎተራችን ግን ባዶውን ነው። የእርዳታ እህል በመኪና ወረኢሉ ይራገፍና ከዚያ ወዲህ በአጋሰስ ይመጣል፤ ላጓጓዘ ሰው ድርሻው እህል ነው። ዳማ ሲጭን እንበላለን። ዳማ ከቆመ ልጃችንን ታንጉትን አዝለን መጠለያ መውጣታችን ነው። መጠለያ ከገቡት ጎረቤቶቻችን ደግሞ የተመለሰ አላየንም።

የኛ አገር ፈረስ ብረት አያውቅም። ዳማን ያስጫማነው መንገዱ ጠጠር ብቻ ስለሆነ ነው። ጫማውን የመቱለት ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ሲያገለግሉ የተማሩት ሙያ ነው።

በማግስቱ ዳማ አልተነሳም።

ኮቴውን ብዳስሰው ይፋጃል። እግሩን ላነሳ ብል ነጠቀኝ። ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። በእኔ ላይ! ያቀረብሁለትን ገለባ አልነካም። ወጥቼ ከአጥሩ ሥር አለቀስሁ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሌላው ተሰብሯል፤ ሦስተኛው ሚስማር ሥጋውን ነክቶታል አለ። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ወላሂ ሚስማሬ ሥጋ አልነካም» አሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሁሉም የሚያስበውን ተናገሩ፤ «ቤት ውስጥ ከሚሞትባችሁ ወደ ሜዳው አውጡት።» ሜዳ ማለት ጅብ ማለት ነው። ይመር መጫኛውን አንስቶ ቆመ።

«እሱን ከማውጣትህ በፊት እኔን አውጣ!» አልሁት።

መጫኛውን ጣለው።

ያን ሰሞን ለዕድገት በኅብረት ከዘመቱት ተማሪዎች ጋር ከብት ሊከትብ የመጣ ወጣት የእንስሳት ሐኪም መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ነበር። ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ሮጥሁ። ፈረሱ መራመድ አይችልም ስለው ዕቃውን ይዞ ተከተለኝ። ዳማን አግባብተን አስነሣነው። ሐኪሙ አስቀድሞ አቋቋሙን አየ። መዳፉን ኮቴው ላይ አሳረፈ፤ ከኮቴው በላይ ያለውን የደም ሥር ትርታ በጣቱ ለካ፤ የሚስማሮቹን ራስ አንድ በአንድ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መታ። ዳማ በሚስማሮቹ አልደነገጠም። ጋሽ ሰይድ በረጅሙ ተነፈሱ።

«አጥንት አልተሰበረም፤ ኮቴው ከሥር በልዟል» አለን ሐኪሙ። «ለዚህ የሚያበቃው ብዙ ነው፣ እትዬ ዘነቡ። ሹል ድንጋይ ረግጦ ይሆናል። ብረቱ ሳይቀየር ከቆየ ኮቴው ያድግና ብረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ይጫነዋል። ጠቦ ከተመታም እንደዚያው ነው። ጠጠር ብረቱ ሥር ተወትፎ እንደሆነም እናያለን።»

ብረቱን ሲነቅለው ከሥሩ ቀንድ የመሰለ ደረቅ ነገር ዱብ አለ። ሐኪሙ አንሥቶ አገላበጠው። «ይህን ምን ብላችሁ ከተታችሁት?»

ይመር አንገቱን ደፋ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቦራ ሲሞት ቆዳውን ገፈን አስቀምጠን ነበር። ይመር ለዳማ አዝኖ፣ ድንጋዩ እንዳይጎዳው ብሎ፣ ከዚያ ቆዳ ቆርጦ ኮቴው ለሳሳበት ለዚያ እግር ከብረቱ ሥር እንዲነጠፍለት ጋሽ ሰይድን ለመነ፤ እኔም ደግ አሰብህ ብዬ መረቅሁት። ቆዳው ግን አልለፋም፤ ውሃ ነክረን ያረጠብነው ጥሬ ቆዳ ነው። በዚያ ፀሐይ መንገድ ላይ ደርቆ ተኮማተረና መሃሉ ጎብጦ የኮቴውን ሥር ሲጫነው ከረመ። አይ እኛ! አልጋችንን በጠፍር የምንወጥር፣ ሞፈርና ቀንበራችንን በጠፍር የምናስር ሰዎች፣ ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ ጠፍቶን ነው? ለዳማ ስንሳሳ ነው የጎዳነው።

ሐኪሙ አልሳቀብንም። በቆልማማ ቢላ የኮቴውን ሥር በስሱ ፋቀው፤ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ የሆነ የረጋ ደም ታየን። «መግል አልያዘም፤ በጊዜ ደርሰናል። መግል ቢይዝ ኖሮ መክፈት ነበረብኝ» አለ። የቴታነስ መርፌ ወጋው። ጭነት እንዳይነካው፣ ደረቅ ቦታ እንዲቆም፣ እግሩን ለብ ባለ የጨው ውሃ እንድዘፈዝፍለትና ጭቃ እንዳይገባበት በንጹሕ ነገር እንድሸፍነው ነገረኝ።

«ይድናል?» አልሁት።

«ከታገሣችሁት ይድናል።»

መታገሥ! የሚበላ ያለው ነው የሚታገሥ። ይመር አየኝ፤ እኔም አየሁት። ጋሽ ሰይድ ያን ጊዜ አህያቸውን ከደጃቸው ስበው አመጡና ለይመር ሰጡት። «አብሽሪ፣ ዘነቡ። ዳማ እስኪድን ይህች ትጫን፤ የምታመጣውን እንካፈላለን» አሉ። እሳቸውም እኮ ቤታቸው የተራበ ልጅ ነበራቸው። አንቱ ጋሽ ሰይድ፣ አፈሩን ያቅልልዎት፤ ይህን ሳልጽፍ ብሞት ይቆጨኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን ዳማን ማስታመም ሆነ። ለመኝታው የሚሆን ጭድ ስላልነበረን ከጣራችን ሣር በአንድ ጎን እየመዘዝሁ አነጠፍሁለት፤ እሱ ደግሞ ጤናው እየተመለሰ ሲመጣ የተኛበትን ምንጣፍ ይበላብኝ ጀመር፤ «ቤቴን በላኸው፣ አንተ ሆዳም!» እያልሁ እየተሳደብሁ ሌላ እመዝዝለታለሁ። ይመርና ጋሽ ሰይድ የቦራን ቆዳ ትራፊ ነክረው፣ ጠጉሩን ፍቀው፣ በእጅ እያሹ በእግር እየረገጡ እንደ ጨርቅ እስኪለሰልስ አለፉትና ለዳማ እግር ልክ ከረጢት ሰፉለት። እግሩን በጨው ውሃ ከዘፈዘፍሁ በኋላ አድርቄ በዚያ እሸፍንለት ነበር። መጀመሪያ ስነካው ይነጥቀኝ የነበረው እግር ቀስ በቀስ እጄ ላይ መክበድ ጀመረ፤ አንድ ጠዋት ውሃውን ይዤ ስገባ ገና ሳልጎነበስ ራሱ አነሣልኝ። ታንጉት «እማ፣ ሰጠሽ!» ብላ ጮኸች፤ እኔም እግሩን ጭኔ ላይ አሳርፌ ማጠብ ጀመርሁ።

ኮቴው አድጎ የበለዘው ቦታ ከወጣ በኋላ ጋሽ ሰይድ አዲስ ብረት ሰፋ አድርገው መቱለት፤ ከሥሩ ምንም አልነጠፍንም። መጀመሪያ በቅርብ፣ ጭነት አቅልለን ሞከርነው። በኋላ ይመር ወደ ወረኢሉ ይዞት ወረደ፤ እስኪመለሱ ምን እንደበላሁ አላውቅም። ሲመጡ ድምፁን ከማዶ ሰማሁት፤ አልተዛባም። ዳማ ደጃፍ ደርሶ ቆመና፣ ጭነቱ ገና ከጀርባው ሳይወርድ፣ ያችን የፊት ቀኝ እግሩን አነሣልኝ። እኔም ተቀበልሁት።

እናንተም ፈረሳችሁ ሲያነክስ አጥንቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ኮቴውን ዳብሱ፤ የሚፋጅ ከሆነ ብረቱን አስነቅሉና ሥሩን አሳዩ። ብረቱን ሳታስቀይሩ አታቆዩ፤ ከመንገድ በገባ ቁጥር ጠጠሩን አውጡለት። ራርታችሁለት የምታደርጉትንም ቢሆን ባለሙያ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጫኛውን ለማንሣት አትቸኩሉ። እኛ ዳማን ከቤት አላወጣነውም፤ በዚያ ክፉ ዘመን እሱም ከቤታችን አላስወጣንም።