አራት ስም በተራ

እጄ አያርፍም። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ የነጠላዬን ጫፍ ይይዝና ክሩን ሦስት ሦስት እያደረገ ይቋጥራል፤ ይፈታል፤ መልሶ ይቋጥራል። ልጅ ሳለሁ እናቴ በዚህ የተነሳ ያልመታችኝ ቀን ቢኖር ታምሜ የተኛሁበት ቀን መሆን አለበት። የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ፣ በከንፈሯ ስፒል ይዛ እንኳ ታየኛለች። ስፒሉን ሳታወጣ "እጅሽን አሳርፊ!" ትላለች። እምቢ ካልኩ የእንጨት ማስመሪያዋ ጣቴ ላይ ያርፋል።

ያደግሁት አምቦ ነው። የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ "ሀገረ ሕይወት" ተብሎ ይጻፍ ነበር እንጂ ከተማዋን እንደዚያ ብሎ የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። አባቴ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ቤት ሲገባ ብዙም አይናገርም። እናቴ ለራሷም ለእሱም ትናገር ነበር። ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱም አጫጭሮች ናቸው፤ እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ሁለቱንም በራስ በለጥኳቸው። ሰው አይቶ ሲገረም እናቴ "ምን ይደረግ፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው" ትል ነበር። ተረቱ እኮ ቢያንስ ሁለት ልጅ ይፈልጋል። ይህን ያስተዋልኩት ግን ቆይቼ ነው።

ያስተዋልኩት ስኳር ሰልፍ ላይ ነው። ያን ጊዜ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ነበር የሚወሰደው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር ቆመን ሳለ አንዲት ጎረቤታችን ከኋላ መጥታ ፊታችን ገባች። እናቴ እንዲህ ያለውን የምታሳልፍ ሰው አይደለችም።

"እኛስ ለጌጥ ነው የቆምነው?" አለቻት።

"ልጆች እየጠበቁኝ ነው" አለች ሴትየዋ።

"እኛም ወልደናል!"

ሴትየዋ ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ተመልሳ "ወልደሽ ባየንሽ!" አለች።

ያስደነገጠኝ ስድቡ አይደለም፤ የእናቴ ዝምታ ነው። ለማንም መልስ አጥታ የማታውቅ ሴት ዘንቢሏን አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት ታይ ጀመር። የተሰለፉትም ሴቶች መሬት መሬት አዩ። ያኔ ገባኝ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ነው የኖረው። ስኳራችንን ይዘን ስንመለስ እናቴ ስለ ዝናብ አወራችልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ክፍል ውስጥ መምህሩ "መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" እስኪለኝ ድረስ እቁነጠነጥ ነበር። በመስታወት ፊት ስቆም የማየው ፊት የተውሶ መሰለኝ፤ ይህ አፍንጫ የማን ነው? ይህ ቁመት ከየት መጣ? ገበያ ስላክ የተላክሁበትን ረስቼ የሴቶች ፊት ሳይ እውላለሁ። አንድ ቀን አንዲት ረጅም ሴት ተከትዬ ድልድዩ ድረስ ሄድኩ። ድንገት ዞራ "ምን ፈልገሽ ነው?" ስትለኝ ሌላ አልመጣልኝምና "ሰዓት ስንት ነው?" አልኳት። ሴትየዋ በሕይወቷ ሰዓት አስራ የምታውቅ አይመስለኝም። እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

አባቴን መጠየቅ እችል ነበር። አባቴ አይዋሽም፤ ከጠየቅሁት ይነግረኛል። የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ ከካቺሲ ገጠር የምትመጣ ዘመድ ነበረችን፤ የአባቴ የአጎት ልጅ ናት። ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ታመጣለች፣ አንድ ቀን አድራ ትሄዳለች። እኔ "የቅቤ አክስቴ" ነበር የምላት። "አከም ጅርታ?" ትለኛለች፣ ደህና ነኝ እላታለሁ፣ በዚያው ያበቃል። የሌላ ሰው ዘመዶች ጉንጭ እስኪቀላ ይስማሉ፤ እሷ ግን እጄን ብቻ ጨብጣ ትለቀኝ ነበር። ረጅም መሆኗን አውቅ ነበር፣ ግን እሷን አንድም ቀን አልጠረጠርኩም።

የዚያን ዓመት ለመስቀል መጣች። ጎረቤት ሰላም ልትል ስትወጣ ነጠላዋን ወንበር ላይ ትታው ነበርና ላጥፈው አነሳሁት። ጫፉ ከዳር እስከ ዳር ተቋጥሯል። ሦስት ሦስት ክር፣ ጥብቅ ያለ ትንንሽ ቋጠሮ። የራሴን አምጥቼ አጠገቡ ዘረጋሁት። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ የገባችው እንደዚያ ሁለት ነጠላ ታቅፌ ሳለሁ ነው። አየችኝ፤ ነጠላዎቹን አየች። ሁለቱንም ከእጄ ወስዳ "መታጠብ አለባቸው" ብላ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጣ የነጠላ ቋጠሮ በስፒል ስትፈታ አየኋት። የፈታችው የእኔን ብቻ ነው።

በእኛ አገር ጉዲፈቻ የሚባል ወግ አለ። ልጅ ያልወለደ ከወለደ ዘመዱ ልጅ ይወስዳል። ሽማግሌ ተቀምጦ ይመርቃል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የአሳዳጊው ነው። የወለደችው ልጄ አትልም፣ ከልጆቿ ጋር አትቆጥረውም። ይህን ወግ እንደማንኛውም ሰው አውቀው ነበር፤ የሌላ ሰው ነገር ነበር። አሁን ግን ቤቴ ውስጥ፣ ነጠላዬ ላይ አገኘሁት።

ወደ እሷ ልመለስ አልፈለግሁም። ያን ያህል አላበድኩም፤ እናቴ እናቴ ናት። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ያቺ ሴት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በገዛ አፏ፣ ከልጆቿ መካከል እንድትቆጥረኝ። ይህ ነገር እንደ ጥርስ ሕመም ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ኖረ።

አሥረኛ ክፍል እንደጨረስን ለክረምቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተመደብን። ገበሬውን ፊደል እናስተምራለን ተባለ። ጓደኞቼ ሁሉ ለከተማ የሚቀርብ ቦታ ለማግኘት መዝገቡን የያዘውን መምህር ሲለማመጡ፣ እኔ "ካቺሲ አካባቢ አድርገኝ" ብዬ ለመንኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ታመሻል?" አለ። ግን መደበኝ።

እናቴ ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቁማ "ወንጪ ብትሄጂ ምን ነበረበት? ሐይቁንም ታዪ ነበር" አለች። የሄድኩ ዕለት ጠዋት ስኳርና ሳሙና በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። "ለአክስትሽ" አለች፤ ስትሰጠኝ ዓይኔን አላየችም። ያ ሳሙና ተሰልፋ ያገኘችው ነበር።

የጫነን መኪና ጭቃ ውስጥ ቀርቶ የቀረውን በእግር ጨረስነው። ትምህርቱ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ነው፤ ቋንቋው ኦሮምኛ፣ ፊደሉ ግዕዝ። በመጀመሪያው ቀን የቅቤ አክስቴ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። የመጣላትን ዕቃ በሁለት እጇ ተቀብላ መረቀችኝ። እንደ ሌሎቹም "ባርሲስቱ" አለችኝ፤ መምህርት ማለት ነው። ክረምቱን በሙሉ ሌላ ስም አልሰጠችኝም።

ልጆቿ አራት ናቸው። ሁለቱ ይበልጡኛል፣ ሁለቱ ያንሱኛል። ሦስተኛዋ የእኔን ቁመት ይዛ በግቢያቸው ስትመላለስ እመለከታት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። ምንም ያልበደለችኝን ልጅ ጠላኋት። አንድ ቀን ደብተር ስትለምነኝ ሁለት እያለኝ የለኝም አልኳት።

እናትየዋ ቶሎ ትማር ነበር። ፊደል አይጠፋትም፤ ግን ስትጠራ ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ይይዛል። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ እጠራታለሁ። አንድ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆማ እንዲሁ ስትቋጥርና ስትፈታ ትዕግሥቴ አለቀ። "እጅዎን ያሳርፉ!" ብዬ ጮኽኩ።

የጮኸው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ቃሉ፣ ቁጣው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ማለቱ የእናቴ ነው። ስፒሉ ብቻ ነው የጎደለው። እጄ የዚህችኛዋ ከሆነ አፌ የማን እንደሆነ ሰማሁ፤ ለራሴ ምን እንደተረፈኝ ግን አላወቅሁም። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁና ዝናብ ውስጥ ስዞር ቆየሁ።

ዘመቻው ሊያበቃ ሲል ፈተና ነበር። ምንባብ ያነባሉ፣ ቃላት ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ እኔ ከራሴ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ የልጆቻችሁን ስም ከታላቅ እስከ ታናሽ በተራ ጻፉ። ማንም ምንም አልጠረጠረም። ያን ጥያቄ ለምን እንዳወጣሁት እኔ አውቃለሁ። በአፏ ባትል በእጇ ትጽፈኛለች ብዬ ነው።

በወንበሮቹ መካከል የሌሎቹን ወረቀት እያየሁ ተመላለስኩ። አጠገቧ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ጻፈች፤ ሁለተኛውን ጻፈች። ከሁለተኛው ቀጥሎ ያለው ቦታ የእኔ ነው። እርሳሷ ትንሽ ቆመ። ከዚያ የሦስተኛዋን ልጅ ስም ጻፈች፣ አራተኛውንም ጻፈች። በመካከል ባዶ መስመር እንኳ አልተወችም።

"ሙሉ ነው?" አልኳት። "የረሱት የለም?"

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተያየን። ሁለት እጇን ወረቀቱ ላይ ዘርግታ ጫን አደረገቻቸው። ያን ክረምት እጆቿ አርፈው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ሙሉ ነው፣ ባርሲስቱ" አለች። "አራት ናቸው።"

ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ በስሞቹ ትይዩ ትክክል፣ ትክክል፣ ትክክል፣ ትክክል አደረግሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ ራሴ ባወጣሁት ጥያቄ ራሴ ማደሪያዬ ገብቼ አለቀስኩ። ጠላኋት። ሽማግሌ ፊት ለሰጠችው አንድ ቃል እንዲህ መታመኗ፣ ለእኔ ስትል እንኳ አለማጠፏ አናደደኝ። ስንለያይ እንደ ወትሮዋ እጄን ጨብጣ ለቀቀችኝ፤ ለእናቴ ቅቤ ላከች።

ቤት የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ቅቤውን ተቀብላ አስቀመጠች፣ አበላችኝ፣ መክሳቴን ተናገረች፣ መኪናዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። የጀመረችውን ቀሚስ እጅጌ ስትሰፋ ቆይታ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"አክስትሽስ? ተማረች?"

"ተማረች። መጻፍ ችላለች።"

"ምን ምን ጻፈች?"

"የልጆቿን ስም" አልኳት። "አራት ልጆች አሏት።"

መኪናው ቆመ። እናቴ እጇን መዘውሩ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

"አራት ብላ ጻፈች?"

"አራት።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ትክክል ብዬ አረምኩላት።"

ማወቄን አወቀች። ከስኳር ሰልፉ ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ይህ ነበር፤ ፊቷ ላይ አየሁት። የማደርገው ጠፍቶኝ አቀረቀርኩ፤ እጄ የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ሦስት ሦስት እያደረገ ይቋጥር እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው። እናቴም አየችው። በልጅነቴ ሁሉ ያን እጅ ስትመታ የኖረችው ማንን ስታይበት እንደሆነ ገባኝ። ማስመሪያው አጠገቧ ነበር፤ ጣቶቼን ሰብስቤ ጠበቅሁ።

ማስመሪያውን አላነሳችም። ትከሻዋ ላይ የነበረውን ነጠላ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ ጫፉ አንድም ቋጠሮ አልነበረውም።

"የእኔንም ቋጥሪው" አለችኝ።